ኔትወርክ ሳለ ፎቶዎን ያስቀምጡ

ቆቦ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት መሃል ያለ መብራትና ያለ ስልክ ከርማለች። በነሐሴ 2014 ጦርነቱ ዳግም መጣባት፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ። በዚህ ሁሉ መካከል ስልኩ የጠፋበት ሰው የሠርጉን፣ የልጆቹን፣ የሟች ወላጆቹን ምስል አብሮ አጥቷል። ስለዚህ ለቆቦም ሆነ ለሌላው የራያ ሰው ፎቶ በሁለት ቦታ መቀመጥ አለበት፤ አንዱ ክላውድ (የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ፣ ሌላው በእጅ። ክላውዱ ስልክ ሲጠፋ ይደርስልናል፤ በእጅ ያለው ደግሞ ኔትወርክ ሲጠፋ።

ከሁሉ በፊት ስልክዎ ላይ ያለው ጂሜይል በእርግጥ የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ። ብዙ ሰው ስልክ ሲገዛ ኢሜይሉን የሚከፍትለት የሱቁ ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ባለቤቱ አያውቀውም። ስልኩ እጅ ላይ እስካለ ችግሩ አይታይም። የጠፋ ቀን ግን ፎቶው ጉግል ዘንድ ተቀምጦ ሳለ የሚከፍተው ሰው አይኖርም። ዛሬውኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ኢሜይሉን ይዩ፣ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩና ደብተር ላይ ይጻፉት። ደብተሩን ከቤት ካርታና ከልደት ሰርተፍኬት ጋር ያኑሩት። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ሲም ካርድዎ ከስልኩ ጋር ከጠፋ በአጭር መልእክት የሚላከው ኮድ አይደርስዎትም፤ ጉግል የሚሰጣቸውን 10 የመጠባበቂያ ኮዶች እዚያው ደብተር ላይ ይገልብጡ።

ቀጥሎ ፎቶዎቹን ያጽዱ። ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ ይህም ለኢሜይሉና ለድራይቩ ጭምር ነው። አንድ ፎቶ 3 ሜጋባይት ቢሆን ወደ 5,000 ፎቶ ይይዛል። ቦታውን በፍጥነት የሚበላው ቪዲዮ ነውና ረጃጅሞቹን ለፍላሽ ይተዉ፤ የበዓል ምኞት ካርዶችንና ስክሪንሾቶችን ያጥፉ።

አሁን ጉግል ፎቶስን ይክፈቱ፤ ከላይ በስተቀኝ ያለውን የራስዎን ምስል ነክተው ባክአፕን ያብሩ (ስልኩ በአማርኛ ከሆነ «ምትኬ» ይላል)። ቦታ ቆጣቢውን የጥራት ምርጫ ይውሰዱ፤ ለስልክ ፎቶ ይበቃል። በሞባይል ዳታ መጫኑን ዘግተው ዋይፋይ ሲያገኙ ይጫኑ፤ ዋይፋይ ከሌለ የሌሊት ጥቅል ገዝተው፣ በሞባይል ዳታ መጫኑን ለዚያ ሌሊት ብቻ ከፍተው ስልኩን ቻርጀር ላይ ያሳድሩት። የመጀመሪያው ጭነት ረጅም ነው፣ አይቸኩሉ።

በሌላ ስልክ ወይም በኮምፒውተር በዚያው ኢሜይል ሲገቡ ሁሉም ፎቶ ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ክላውድ ላይ የወጣን ፎቶ ከመተግበሪያው ውስጥ በአንዱ ስልክ ቢያጠፉ ከሁሉም ይጠፋል። የጠፋው ፎቶ ቅርጫቱ (ትራሽ) ውስጥ የሚቆየው 60 ቀን ብቻ ነው።

መተግበሪያው «ቦታ ያስለቅቁ» እያለ ይጠይቅዎታል። እሺ ካሉት ክላውድ ላይ የወጡትን ፎቶዎች ከስልኩ ያነሳቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ለማየት ኢንተርኔት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ጥሩ ምክር ሊሆን ይችላል፤ ቆቦ ላይ ግን ፎቶዎቹን ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ ላይ ሳይገለብጡ ፈጽሞ አይንኩት። ኮምፒውተር ባይኖርም ፍላሹን ከስልክ ጋር የሚያገናኝ ኦቲጂ ይበቃል። ሲጨርሱ የተወሰኑ ፎቶዎችን ከፍላሹ ከፍተው ይሞክሩ፤ ከዚያ ከሙቀትና ከአቧራ በሚከላከል ነገር ጠቅልለው ቢቻል ከቤትዎ ውጭ፣ ዘመድ ጋ ያስቀምጡት።

ሳዑዲ ላለች እህት የሶለል በዓልን ፎቶ ለመላክ የጋራ አልበም ከፍቶ በኢሜይሏ መጋበዝ ይሻላል፤ እሷም ከዚያ የራሷን ትጨምርበታለች። በቴሌግራም የሚልኩ ከሆነ «ፋይል» በሚለው ይላኩ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል።

በመጨረሻም ጉግል 2 ዓመት ያልተከፈተ አካውንትን ከነፎቶው ሊያጠፋው ይችላል። ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ከተቋረጠ፣ መንገድ ተከፍቶ ወልድያ ወይም ደሴ የሄዱ ዕለት ገብተው ይዩት።