አንጓዬን ቦክስ ያጠነክርልኛል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 27 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ቦሌ ቡልቡላ ነው። ማታ ማታ በአንድ የባህል ምግብ ቤት ክራር እጫወታለሁ። የግራ እጄን አንጓ ካመመኝ ወራት አልፈዋል። ሌሊት አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴና የመሐል ጣቴ እየደነዘዙ ከእንቅልፌ ያባንኑኛል፤ እጄን ሳራግፈው ይለቀኛል። ዲክሎፌናክ ተወግቼ ሻል ብሎኝ ነበር፤ ተመልሶ መጣ። ወጌሻም ሁለት ጊዜ አሽቶልኛል። ጓደኞቼ «ቦክስ ጀምር፣ አንጓህ ይጠነክራል» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አሁን አትጀምር። ይህን ጥያቄ ከጊታርና ከፒያኖ ተጫዋቾችም እሰማዋለሁ፤ ምክሩ ሁልጊዜ የሚመጣው ከጓደኛ ነው።

የነገርከኝ ምልክት አንጓ ውስጥ በጠባብ ቦይ የሚያልፈው ነርቭ መታፈኑን ይጠቁማል። ክራር ስትጫወት ግራ እጅህ ከአውታሮቹ ጀርባ ለሰዓታት ስለሚቆይ አይደንቅም። ነርቭ ግን ጡንቻ አይደለም፤ በቡጢ አይጠነክርም።

ዲክሎፌናክ ሕመም ያስታግሳል እንጂ የታፈነ ነርቭ አያላቅቅም። ጋብ ሲልልህ የዚያኑ ማታ መድረክ ወጣህ፣ አይደል? ጨጓራና ኩላሊት የሚጎዳ መድኃኒት በራስ ፈቃድ እየደጋገሙ መወጋት ይቅር። ሕክምናው አሰልቺ ነው፦ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አስሮ ለ6 ሳምንት ያህል መተኛት፣ የልምምድ ሰዓት መቀነስ፣ በየመሐሉ እጅን ማሳረፍ። አምስት ሌሊት አስሮ «ተሻለኝ» ብሎ የሚጥለው ታካሚ ብዛት ያስቆጨኛል። አንድ የማሲንቆ ተጫዋች እንዲህ ሲያደርግ ከርሞ፣ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው መጣ። መዳፉን ዘረጋልኝ፤ ከአውራ ጣቱ ሥር ያለው ሥጋ ሟሙቶ ጎድጉዷል። በቀዶ ሕክምና ነርቩን ብናላቅቀውም የሟሟው ጡንቻ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

ወጌሻን አልንቅም፤ ግን የደነዘዘ እጅ አይታሽም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ስብራት ነው። ቦክስ ልምምድ ላይ በተዘረጋ መዳፍ ወድቀህ ከአውራ ጣትህ ሥር ያለው ጎድጓዳ ቦታ ሲነካ ካመመህ፣ «ወለምታ ነው» ብለህ አትተኛ። እዚያ ያለችው ትንሽ አጥንት ስብራቷ በመጀመሪያው ራጅ ላይታይ ይችላል፤ እጅህ በጄሶ ታስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ራጁ ድጋሚ ይነሣል። ችላ ከተባለች ሳትገጥም ትቀራለች። ለወጌሻም አትስጣት፤ በቀርከሃ ጥብቅ ብሎ የታሰረ እጅ ደም አጥቶ፣ ጣቶቹ ጠቁረው፣ መጨረሻው መቆረጥ የሆነበት ሰው በአገራችን ሆስፒታሎች እንግዳ አይደለም።

ድንዛዜው ጠፍቶ ሐኪም ከፈቀደልህ በኋላስ? ቦክስን ለአንተ አልመርጥም። ጁዶም ልብስ ጨምድዶ መያዝ ስለሚበዛበት አንጓን ያደክማል። የሚሻልህ ቴኳንዶ ነው፤ ሰለሞን ቱፋ በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን የወከለበት። በውድድር ሕጉ ደረት ላይ ያረፈ ቡጢ 1 ነጥብ ሲያስገኝ፣ ጭንቅላት ላይ ያረፈ እርግጫ 3 እና ከዚያ በላይ ያስገኛል፤ እግርህ ይሥራ። በጡጫ የሚሠራ ፑሽ አፕ ግን አይሆንም፤ ለአሰልጣኝህ ከመጀመሪያው ቀን ንገረው።

በዚህ ሳምንት አቅራቢያህ ያለ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ስኳርህንም ይለኩህ፣ እሱም ነርቭ ያደነዝዛልና። ወደ ፊዚዮቴራፒ ሪፈር ሲጽፉልህ ክራርህን ይዘህ ግባና ስትጫወት ይዩህ።