ምትኩ የሚታዘዘው ዕቃው ከመደርደሪያ ሳይወርድ ነው
ከአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ቡድን የተከላካዮች ምልመላ ለነጋዴው የሚገኝ ትምህርት

ጎበዝ ሠራተኛ የለቀቀበት ነጋዴ የሚያደርገው የታወቀ ነው። መጀመሪያ ይቆጣል፣ ቀጥሎ ይደነግጣል፣ በመጨረሻም ደላላ ጠርቶ «ቶሎ ሰው ፈልግልኝ» ይላል። በጥድፊያ የተገኘ ሰው ደግሞ ወይ ውድ ነው፣ ወይ ሥራውን አያውቅም፤ ሁለቱንም የሚሆንበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። ሂሳብ ያዡ፣ የመጋዘን ኃላፊው ወይም ደንበኞቹን በስም የሚያውቀው ሻጭ ሲሄድ ሱቁ ለወራት የሚንገዳገደው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ችግር በየዓመቱ፣ ያውም አስቀድሞ በታወቀ ቀን የሚደርስበት አንድ የሥራ መስክ አለ። እርሱም የአሜሪካ ኮሌጆች ፉትቦል ነው። ከዚህ መስክ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከእ.ኤ.አ. 2021 እስከ 2023 ያለፈበትን መንገድ መመልከት ስለ ምትክ አያያዝ ብዙ ያስተምራል።

ዋጋ ሳይከፈልበት የሚወጣ ዕቃ

ጨዋታው በኢትዮጵያ እግር ኳስ ከሚባለው የተለየ ነው። ሞላላው ኳስ በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል። በየወገኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ አጥቂዎቹና ተከላካዮቹ ግን የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ቡድኑ ኳሱን ሲያጣ አጥቂዎቹ ከሜዳ ወጥተው ተከላካዮቹ ይገባሉ። ተከላካዮቹም በሦስት ይከፈላሉ፤ ከፊት የሚጋፉት ግዙፎች፣ መካከሉን የሚይዙት፣ ከኋላ ሆነው የሚወረወረውን ኳስ የሚጠብቁት።

ለነጋዴው የሚገርመው የገበያው ደንብ ነው። የአውሮፓ እግር ኳስ ክለብ ኮንትራት ያለውን ተጫዋች ሲለቅ የዝውውር ዋጋ ይቀበላል። የአሜሪካ ኮሌጅ ግን ተጫዋቹ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ወደ ኤንኤፍኤል ሲሄድ አንድ ሳንቲም አያገኝም። እዚህ በሚነሱት ዓመታት አንድ ተጫዋች በመደበኛው ደንብ ለኮሌጁ መጫወት የሚችለው አራት የውድድር ዘመን ነበር። ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ ሦስት ዓመት ከሞላው ደግሞ ወደ ሊጉ ለመግባት መመዝገብ ይችላል። በመሆኑም ቀድሞ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ምርጡ ነው። ምርጡ ዕቃ ቀድሞ የሚወጣበት፣ ሲወጣም ዋጋ የማይከፈልበት መጋዘን ማለት ይህ ነው።

ጆርጂያ የደረሰባት ግን ከተለመደውም በላይ ነበር። ቡድኑ በ2021 የውድድር ዘመን በአማካይ በጨዋታ 10.2 ነጥብ ብቻ ተቆጥሮበት በመከላከል ከሀገሪቱ አንደኛ ሆነ። ጥር 10 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) አላባማን 33 ለ 18 አሸንፎም ከ1980 ወዲህ የመጀመሪያውን ብሔራዊ ዋንጫ አነሳ። ከሦስት ወር ተኩል በኋላ ሚያዝያ 28 ቀን በላስ ቬጋስ በተካሄደው የኤንኤፍኤል ዓመታዊ የተጫዋቾች ምርጫ በአንድ ሌሊት አምስት ተከላካዮቹ በመጀመሪያው ዙር ተወሰዱ። እነርሱም በአንደኛ ደረጃ የተመረጠው ትራቮን ዎከር፣ ጆርዳን ዴቪስ፣ ኩዌይ ዎከር፣ ዴቮንቴ ዋያትና ሉዊስ ሲን ናቸው። ከአንድ ኮሌጅ አምስት ተከላካዮች በመጀመሪያው ዙር ሲወሰዱ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በተከታዮቹ ዙሮች ሦስት ሲጨመሩ የሄዱት ተከላካዮች ስምንት ሆኑ። የመከላከሉን ሥራ ይመራ የነበረው አሠልጣኝ ዳን ላኒንግም ቀደም ብሎ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ሄዷል።

አንድ ሱቅ ከነመጋዘን ኃላፊው ስምንት ሻጮቹን በአንድ ወቅት ቢያጣ ምን ይሆናል? ትምህርቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፦ ትዕዛዙ ሦስት ዓመት ይቀድማል

ዋና አሠልጣኙ ከርቢ ስማርት ሥራውን የያዘው በ2015 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት በአላባማ የመከላከሉን ክፍል ይመራ ነበር። በእርሱ ዘመን የጆርጂያ ዓመታዊ ምልመላ በ2018 እና በ2020 በሀገሪቱ አንደኛ፣ በ2019 ሁለተኛ ተብሎ ተመዝኗል። በዚያች የሚያዝያ ሌሊት የተወሰዱት አምስቱም ወደ ቡድኑ የገቡት በ2018 እና በ2019 ነው። እነርሱ ገና ሜዳ ላይ ሳሉ የ2020 እና የ2021 ምልምሎች ግቢ ውስጥ ነበሩ። ምልመላው የሚከናወነው የጎደለው ታይቶ ሳይሆን፣ የሚጎድለው ተሰልቶ ነው ማለት ነው።

ዝነኛ ስም መግዛት ብቻ ነው የሚያዋጣው ማለት ግን አይደለም። ጆርዳን ዴቪስ ሲመለመል መዛኞች ከአምስት ኮከብ የሰጡት ሦስት ነበር። ዋያትም በሁለት ዓመት ኮሌጅ በኩል አልፎ የመጣ ነው። ሁለቱም ከፊት መስመር ቆመው ተፈላጊነታቸውን ያሳደጉት እዚያው ነው። በርካሽ ገብቶ በእጅ ውስጥ ዋጋው የሚያድግ ዕቃ እንዳለ ነጋዴ ያውቃል።

ሁለተኛ፦ ተጠባባቂው ሥራ ይሰጠዋል

ብዙ ድርጅት ምክትል ይቀጥርና ቁልፍ አያስይዘውም። አለቃው ሲሄድ ምክትሉ እንደ አዲስ ይጀምራል። ጆርጂያ የፊት መስመር ተከላካዮቿን በጨዋታው ውስጥ እያፈራረቀች ታሰልፍ ነበር። ይህም የቋሚዎቹን ጉልበት ከመቆጠብ አልፎ ተጠባባቂዎቹን በእውነተኛ ጨዋታ ይፈትናል። በኋላ የምርጫው አንደኛ የሆነው ትራቮን ዎከር ራሱ በሙሉ ዓመት ቋሚ ተሰላፊ የሆነው በሦስተኛ ዓመቱ ነው።

ጃሞን ዱማስ ጆንሰን በ2021 መካከሉን ከሚይዙት ኋላ የሚጠብቅ የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም በአላባማ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ላይ የተወረወረ ኳስ ነጥቆ ነጥብ አስቆጥሯል። በዓመቱ ቋሚዎቹ ሲሄዱ እርሱና አብሮት የተመለመለው ስማኤል ሞንዶን ቦታውን ያዙ። ማንም «አዲስ ሰው መጣ» አላለም።

ሦስተኛ፦ ከመጋዘን ለጎደለው ከገበያ ይገዛል

ከኋላ ከሚጠብቁት ኤሪክ ስቶክስና ታይሰን ካምቤል በ2021 ምርጫ ሄደው ነበር። ጆርጂያ ክፍተቱን በሁለት መንገድ ሸፈነች። ለአንዱ ቦታ ከክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ልምድ ያለውን ዴሪዮን ኬንድሪክን አመጣች። ለሌላው ያቀረበችው ኬሊ ሪንጎን ነው። ሪንጎ በ2020 ቢመለመልም በትከሻ ጉዳት ዓመቱን ሙሉ አልተጫወተም። በዋንጫው ጨዋታ አላባማ ለማቻቻል ስትገሰግስ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀር፣ ኳሱን ነጥቆ 79 ያርድ ሮጦ ነጥብ ያስቆጠረው ይኸው ሪንጎ ነው። ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ የተቀመጠው ዕቃ የዓመቱን ትርፍ አስገባ።

ፈተናው

በ2022 የመጀመሪያ ጨዋታ ጆርጂያን የገጠማት ሌላ ሳይሆን ላኒንግ የሚመራው ኦሪገን ነበር። የቤቱን ምሥጢር የሚያውቀው ሰው 49 ለ 3 ተሸነፈ። ገና የመጀመሪያ ዓመት የነበረው ማላካይ ስታርክስ በዚያ ጨዋታ የተወረወረ ኳስ ነጥቋል። የላኒንግን ወንበር የያዙት ግሌን ሹማንና ዊል ማስቻምፕም ከውጭ የመጡ አልነበሩም፤ ሁለቱም በቤቱ የነበሩ ናቸው። ቡድኑ 15 ጨዋታ ተጫውቶ 15ቱንም አሸነፈ። በመጨረሻው ጨዋታም ቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲን 65 ለ 7 ረትቶ ዋንጫውን ደገመ። በዚያ ጨዋታ ምርጥ ተከላካይ የተባለው ጃቮን ቡላርድ ካቻምና ተጠባባቂ የነበረ ልጅ ነው።

ሂሳቡ ግን በሐቅ መታየት አለበት። በጨዋታ የሚቆጠርበት ነጥብ ከ10.2 ወደ 14.3 ከፍ ብሏል። ምትክ ጉድለትን ያጠባል እንጂ አያጠፋም። ጥሩ ዝግጅት ያደረገው ሱቁ እንዳይዘጋ ነው፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ለማስመሰል አይደለም።

መጠበቅ ዋጋ ሲወጣለት

ይህ ዘዴ የቆመው ጎበዝ ወጣት ተራውን ይጠብቃል በሚል ግምት ላይ ነው። ግምቱን የሚያናጉ ሁለት ነገሮች በ2021 መጡ። በሚያዝያ ተጫዋች ኮሌጅ ሲቀይር ዓመት ሳይቀመጥ ወዲያው እንዲጫወት ተፈቀደ። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ደግሞ በስሙና በምስሉ ገንዘብ እንዲያገኝ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ተጠባባቂ ሆኖ መቀመጥ የሚታወቅ ዋጋ አለው፤ ጎረቤት ሱቅ መጥቶ የተሻለ ሊከፍለው ይችላል።

ዱማስ ጆንሰን ራሱ የዚህ ማሳያ ነው። በኅዳር 2023 ክንዱ ተሰበረ። በቦታው የገባው ሲጄ አለን የሚባል የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ሥራውን ያዘ። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ዱማስ ጆንሰን ወደ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ጆርጂያ እዚህ ላይ አልጎደለባትም፤ ምትኩ ከግቢ ነበርና። ሆኖም ልምድ ያለው ሰው ለዚያው ማኅበር ተፎካካሪ ሆነ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 2 ቀን አላባማ 27 ለ 24 አሸንፋት የ29 ተከታታይ ድሏ ተቋረጠ።

በ2025 ደግሞ ሂሳቡ ይበልጥ ከበደ። ሰኔ 6 ቀን ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ኮሌጆች ከገቢያቸው ለተጫዋቾች በቀጥታ እንዲከፍሉ ፈቀደ፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያም ለአንድ ኮሌጅ ስፖርቶች ሁሉ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። የፉትቦል ነፃ የትምህርት ዕድል ገደብ የነበረው 85 ቀርቶ የቡድኑ ጠቅላላ ቁጥር በ105 ተወሰነ። ቀድሞ ተራ ጠባቂው የሚያስከፍለው በዋናነት ትምህርት፣ ምግብና መኝታ ነበር። አሁን የክምችት ወጪ በግልጽ ይጻፋል። ለቋሚው ስንት፣ ነገ ቋሚ ለሚሆነው ስንት ብሎ መደልደል ግድ ሆኗል።

ከዚህ የንግዱ ሰው ሦስት ጥያቄ ይዞ ወደ ሱቁ ሊመለስ ይችላል። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ሊለቁ የሚችሉት እነማን ናቸው? የእያንዳንዳቸውን ሥራ ዛሬ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የሚሠራ ሌላ ሰው አለ? ያ ሰው ተራው እስኪደርስ እንዲቆይ ምን እየተከፈለው ነው? ሦስተኛውን መመለስ ያልቻለ፣ ሁለቱን የመለሰው ለጎረቤቱ ሱቅ ነው።