የሥራ ፈላጊ መልካም ስምና የሥራ ማሳያ ገጽ

ሥራ ፈላጊ ወጣቶቻችን «ልምድ የላችሁም» እየተባሉ ደጋግመው ሲመለሱ የሌላቸውን ልምድ ለመጻፍ ይፈተናሉ። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ያላቸውን ችሎታ በእውነት የሚያሳዩበትን መንገድ ነው። ሰው የሠራቸውን ሥራዎች መርጦ በኢንተርኔት የሚያስቀምጥበት ገጽ ፖርትፎሊዮ ይባላል። በዚያ ገጽ አማካይነት በአሠሪዎች ዘንድ የሚያተርፈው ስም ደግሞ የግል መለያው ነው።

መሣሪያው አዲስ ቢሆንም አሳቡ ጥንታዊ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. በ1482 ገደማ፣ ዕድሜው 30 ዓመት ያህል ሳለ፣ ለሚላኖው ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ የሥራ ማመልከቻ አዘጋጅቶ ነበር። ገዥውን የሚያሳስበው ጦርነት መሆኑን ስላወቀ ቀላል ድልድዮችንና መድፎችን አስቀደመ፤ ዛሬ ዓለም የሚያደንቀውን የሥዕል ችሎታውን ግን ወደ መጨረሻው በአጭሩ ጠቀሰ። ከተናገረው የማይቻል የሚመስል ነገር ቢኖር በገዥው ፊት ሠርቶ ለማሳየት ዝግጁ መሆኑን ገልጾም ደመደመ።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገር እንማራለን፤ ይኸውም የአሠሪውን ፍላጎት ማስቀደምና የተናገሩትን በሥራ ማስመስከር ነው። እንግዲህ ገጹን የሚያዘጋጅ ሁሉ የሚከተሉትን ልብ ይበል።

1ኛ. ምርጫ፦ ሁሉን ከመደርደር ይልቅ ከተፈለገው ሥራ ጋር የሚስማሙ ከ3 እስከ 5 ሥራዎች ይበቃሉ፤ ከሁሉ የተሻለው ይቅደም።

2ኛ. ማስረጃ፦ በእያንዳንዱ ሥራ ሥር ችግሩ፣ የአዘጋጁ ድርሻና የተገኘው ውጤት በአጭሩ ይጻፍ። በቡድን የተሠራውን የብቻ አስመስሎ ማቅረብ የባልንጀራን ድካም መውሰድ ነው። ገና ያልተቀጠረ የሒሳብ አያያዝ ምሩቅ ለአንድ ምናባዊ ሱቅ የገቢና የወጪ መዝገብ ሠርቶ ማሳየት ይችላል፤ ምናባዊ መሆኑን ግን ይግለጽ።

3ኛ. ስምና ዘመን፦ ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ ብዙ መልክ ይይዛል። በዲግሪው፣ በፓስፖርቱና በገጹ ላይ አጻጻፉ ከተለያየ አሠሪው የሁለት ሰዎች ሰነድ ሊመስለው ይችላል። የምረቃው ዓመትም በኢትዮጵያ ወይም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑ ይገለጽ፤ ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ነውና።

4ኛ. ጥንቃቄ፦ የመታወቂያ ቁጥር፣ የቤት አድራሻና የቀድሞ አሠሪ ምሥጢር በገጹ አይውጣ። ብዙዎች ገጹን የሚከፍቱት በስልክ ስለሆነ ሥዕሎቹ ቀላል ይሁኑ።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው ሊንክድኢን ለልዩ ልዩ ሙያዎች፣ በ2008 የተከፈተው ጊትሃብ ደግሞ ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠሪዎች ያለ ክፍያ ቦታ ይሰጣሉ።

አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ያማረ ገጽ የአሠሪን በር ሊያስከፍት ይችላል፤ በሩ ከተከፈተ በኋላ የሚያቆመን ግን በገጹ ላይ የጻፍነው እውነት ነው።

ለውይይት፦
ሀ. ልምድ የሌለው ወጣት ሳይዋሽ ምን ሊያሳይ ይችላል?
ለ. በአካባቢያችን ኢንተርኔት ለማያገኙ ሥራ ፈላጊዎች ምን ልናደርግላቸው እንችላለን?