ከኪምበርሊ በስተ ምዕራብ የመጡት ሕሙማን

ሳንባችን በደረታችን ውስጥ ሳይፋተግ እንዲሰፋና እንዲኮማተር የሚረዳው ፕሉራ የተባለ፣ ሁለት ንብርብር ያለው ስስ ሽፋን ነው። ከዚህ ሽፋን የሚነሣው ካንሰር ሜሶቴሊዮማ ይባላል። በጥብቅ አነጋገር ከራሱ ከሳንባው የሚነሣ ባይሆንም፣ እያደገ ሲሄድ ሳንባውን ከብቦ ስለሚያፍን ከሳንባ ካንሰሮች ጋር አብሮ ይነሣል። የሚያጠቃው ጥቂት ሰዎችን ነው። ለአስቤስቶስ ባልተጋለጠ ሕዝብ መካከል ከአንድ ሚሊዮን ሰው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በመላው ዓለም ወደ 31,000 የሚጠጉ አዲስ ሕሙማን እንደነበሩ ሲገመት፣ በዚያው ዓመት በሳንባ ካንሰር የተያዙት 2.2 ሚሊዮን ያህል ነበሩ።

ታዲያ ስለ እንዲህ ያለ ጥቂት ሰው ስለሚይዝ በሽታ መጻፍ ለምን አስፈለገ? በእኛ አመለካከት ለበሽታ ስርጭት ጥናት፣ ማለትም ለኤፒዴሚዮሎጂ፣ ከዚህ የተሻለ መማሪያ ማግኘት ያስቸግራል። ብዙ ሰው በሚይዝ በሽታ ውስጥ የአንድ መንስኤ ሰለባዎች ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅለው ይጠፋሉ። እምብዛም በማይታይ በሽታ ግን ከአንድ መንደር ሦስት ሰው ከተገኘ ነገሩ ጥያቄ ያስነሣል።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃል አንድ ነገር እናንሣ። በአማርኛ «ነቀርሳ» የሚለው ስም ለካንሰርም፣ «የሳንባ ነቀርሳ» በሚል ለቲቢም ሲያገለግል ስለኖረ፣ ሁለቱን ላለማምታታት «ካንሰር» እና «ቲቢ» እያልን እንጽፋለን። ጥንቃቄው ከቃላት ያለፈ ነው፤ ታሪኩ ራሱ የሚጀምረው ሐኪሞች አንዱን በሽታ ሌላው መስሏቸው ሲያክሙ ነውና።

በ1950ዎቹ በደቡብ አፍሪካ፣ በኪምበርሊ ከተማ የቲቢ ሆስፒታል ይመሩ የነበሩት ዶክተር ስሌግስ ግራ የሚያጋባ ነገር አስተዋሉ። በፕሉራቸው ውስጥ ፈሳሽ ከተጠራቀመባቸው ሕሙማን መካከል ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ የመጡት በቲቢ መድኃኒት ይድናሉ፤ በስተ ምዕራብ ካለው አገር ከመጡት ብዙዎቹ ግን አይሻላቸውም። መድኃኒቱም ሆስፒታሉም አንድ ነው፤ የሚለያቸው የመጡበት አቅጣጫ ነው። በ1956 ደግሞ ክሪስ ዋግነር የተባሉ የጆሃንስበርግ ፓቶሎጂስት፣ ቲቢ እንዳለበት ታስቦ የሞተ የአንድ ሠራተኛን አስከሬን ሲመረምሩ ሜሶቴሊዮማ አገኙ። የሁለቱ ሐኪሞች ምልከታ ሲገናኝ የአቅጣጫው ምሥጢር ተፈታ። ከኪምበርሊ በስተ ምዕራብ «የአስቤስቶስ ኮረብቶች» የተባለው፣ ሰማያዊ አስቤስቶስ ወይም ክሮሲዶላይት የሚወጣበት አገር ይገኛል።

አስቤስቶስ እንደ ጥጥ ወደ ቀጫጭን ክሮች የሚሰነጠቅ፣ እሳት የማይበላው ማዕድን ነው። ክሮቹ በዓይን እስከማይታዩ ድረስ ይቀጥናሉ፤ ከትንፋሽ ጋር ገብተው ከሳንባና ከፕሉራ ሲደርሱም ሰውነት በቀላሉ ሊያሟሟቸው ወይም ሊያስወግዳቸው አይችልም።

ዋግነር፣ ስሌግስና የደረት ቀዶ ሐኪሙ ማርሻንድ በ1960 ባሳተሙት ጽሑፍ 33 ሕሙማንን ዘረዘሩ። ዕድሜያቸው ከ31 እስከ 68 ነበር። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ለሰማያዊ አስቤስቶስ ሳይጋለጡ እንዳልቀሩ ታወቀ። ለእኛ ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የጾታቸው አኀዝ ነው፦ 22 ወንዶችና 11 ሴቶች። በሽታው ከጕድጓድ ገብተው የሚቈፍሩትን ብቻ የሚይዝ ቢሆን ኖሮ 11ዱ ሴቶች ከየት መጡ? መልሱ በአካባቢው አኗኗር ውስጥ ነበር። ክሩን ከድንጋዩ በመዶሻ እየቀጠቀጡ የሚለዩት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ ሕፃናቱ በቈሻሻው ክምር ላይ ይጫወቱ ነበር፤ ብናኙም ወደ መንደሩ ይነፍሳል። በማዕድኑ ሥራ ፈጽሞ ያልተቀጠሩ ሰዎች ከሕሙማኑ ዝርዝር መገኘታቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ አንድ የተለየ አገር ጕዳይ እንዳልሆነ ከአምስት ዓመት በኋላ ለንደን ላይ ታየ። ሞሊ ኒውሃውስና ሂልዳ ቶምሰን በ1965 የአንድ ሆስፒታል 76 የሜሶቴሊዮማ ሕሙማንን በሌላ በሽታ ከታከሙ ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። ከሕሙማኑ 40ዎቹ በአስቤስቶስ የሠሩ ወይም ከሠራተኛ ጋር በአንድ ቤት የኖሩ ሲሆኑ፣ ከማነጻጸሪያዎቹ እንዲህ ያሉት 9 ብቻ ነበሩ። ከቀሩት 36 ሕሙማን ደግሞ 11ዱ ከአስቤስቶስ ፋብሪካ 800 ሜትር ያህል በሚሆን ርቀት ውስጥ ኖረዋል። በቤተ ዘመድ በኩል ብቻ የተጋለጡት ዘጠኝ ሰዎች ሰባቱ ሴቶች ነበሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሚስት የባሏን የሥራ ልብስ ስታጥብ የምትተነፍሰው ብናኝ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የጊዜ ጕዳይ ነው። ከመጀመሪያው መጋለጥ እስከ በሽታው መታየት ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ያልፋል። አደጋው ከመጀመሪያው መጋለጥ ወዲህ ባለፈው ጊዜ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ኃይል መጠን ያድጋል። ሒሳብ ለሚወዱ አንባብያን፦ ጊዜው ከ20 ወደ 40 ዓመት እጥፍ ሲሆን አደጋው ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይባዛል። ስለዚህ የዛሬ ሕሙማን ቍጥር የሚነግረን ስለ ዛሬ አየር ሳይሆን ከብዙ ዐሥርተ ዓመታት በፊት ስለነበረው አየር ነው። በብሪታንያ በ1995 ጁሊያን ፒቶና ባልደረቦቹ ይህንኑ ተከትለው የሟቾች ቍጥር እስከ 2020 አካባቢ እያደገ እንደሚሄድ፣ ይበልጥ የሚጐዱትም በ1940ዎቹ የተወለዱ ወንዶች እንደሚሆኑ ተነበዩ። በ2009 በታተመ ጥናት ደግሞ በዚያ ዐሥርት ዓመት ከተወለዱና ከ30 ዓመት ዕድሜያቸው በፊት ከዐሥር ዓመት በላይ በአናጢነት ከሠሩ እንግሊዛውያን 17ቱ አንዱ በዚህ በሽታ እንደሚሞት ተሰላ። እነዚህ ሰዎች ማዕድን አላወጡም፤ የአስቤስቶስ ሰሌዳ በመጋዝ ቈረጡ እንጂ። በብሪታንያ ከሕሙማኑ አብዛኞቹ አረጋውያን ወንዶች መሆናቸው ከዚሁ የሥራ ታሪክ የመጣ ነው።

አሁን ይህን ከቱርክ ጋር እናነጻጽር። በመካከለኛው አናቶሊያ፣ በቀጰዶቅያ ካራይንና ቱዝኮይ በተባሉ መንደሮች፣ ኢዜቲን ባሪሽ የተባሉ የሐጀቴፔ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም በ1970ዎቹ እጅግ ብዙ ሜሶቴሊዮማ አገኙ። የአስቤስቶስ ማዕድንም ፋብሪካም በዚያ የለም። ወንዱና ሴቱ በእኩል መጠን ይታመማል፤ የሚታመሙትም በብሪታንያ ካሉት በዕድሜ ያንሳሉ። እነዚህ ሁለት ምልክቶች ብቻ መንስኤው የሥራ ሳይሆን ከልደት ጀምሮ ሁሉም የሚተነፍሰው ነገር መሆኑን ይጠቍማሉ። እንደተባለውም ሆነ፤ ቤት የሚሠሩበትና የሚፈለፍሉት ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ኤሪዮናይት የተባለ ክራም ማዕድን ይዟል። ከካራይን ተነሥተው ወደ ስዊድን የፈለሱ 162 ሰዎች ተከታትለው ሲጠኑ፣ በ1999 በታተመው ውጤት መሠረት ከ18 ሟቾች 14ቱን የገደለው ይኸው ካንሰር ነበር። አገር ቀይረዋል፤ በልጅነታቸው የተነፈሱት ግን አብሯቸው ሄዷል።

ሲጋራስ? ሜሶቴሊዮማ ከማጨስ ጋር ግንኙነት አልታየበትም። ከራሱ ከሳንባው የሚነሣው ካንሰር ግን ሌላ ነው፤ በአስቤስቶስ የሚሠራ አጫሽ ሁለቱም ከሌሉበት ሰው ይልቅ አደጋው ወደ 50 እጥፍ እንደሚደርስ በ1979 በአሜሪካ ሠራተኞች ላይ የታተመ ጥናት አሳይቷል።

ብሪታንያ ማንኛውንም አስቤስቶስ በ1999፣ ደቡብ አፍሪካ በ2008 አግደዋል። ከላይ ያየነው የጊዜ ርዝመት ግን ከእገዳው በኋላም ለዐሥርተ ዓመታት ሕሙማን መምጣታቸው እንደማይቀር ያስገድዳል። ኢትዮጵያን ጨምሮ ቲቢ በበዛባቸው አገሮች በፕሉራ ውስጥ ፈሳሽ ሲገኝ መጀመሪያ ቲቢ መጠርጠሩ ትክክል ነው፤ ብዙውን ጊዜም ቲቢ ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱን በሚገባ ወስዶ ያልተሻለው በሽተኛ ሲመጣ ግን፣ ከናሙና ምርመራው ጋር ለስሌግስ መፍትሔ የሰጡት ጥያቄዎች መጠየቅ ይገባቸዋል፦ የት ተወለድህ? በልጅነትህ በአካባቢው ምን ይቈፈር ነበር? አባትህ ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ማን ያጥብ ነበር?