ኤልያስ ሲዝል እግዚአብሔር ምን አደረገለት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ልጆች፥ በየሆስፒታሉ ሕሙማንን የምትረዱ፥ በሰው ቤትም አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያንን የምታነሡና የምታጥቡ፥ የዛሬው ትምህርት ለእናንተ ነው። ከእናንተ መካከል እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፦ «አባ፥ በሽተኛው ሲያቃስት እንደ ድሮው አላዝንም። ለጸሎት ስቆም ቃሉ ከአፌ አይወጣም። እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን?»

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዲህ ያለው መዛል ለረጅም ጊዜ መፍትሔ ካጣ የሥራ ጫና የሚመጣ መሆኑን ገልጾ፥ ሦስት ምልክቶች ጠቅሷል፦ የጉልበት ማለቅ፥ የልብ ከሥራው መራቅ፥ «የምሠራው አይረባም» የሚል ስሜት። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ሁሉ «የእምነት ማነስ ነው» ብለን በራሳችን ላይ እንፈርዳለን። እስኪ ነቢዩ ኤልያስን እንመልከት።

ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ በ450 የበኣል ነቢያት ፊት ቆሞ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነው። ነገር ግን ኤልዛቤል በዛተችበት ጊዜ ወደ ቤርሳቤህ ሸሸ፤ አገልጋዩን በዚያ ተወና ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ሄደ። ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦም ሞትን ለመነ (1ኛ ነገ. 19፥1-4)። ይህ የሆነው ከትልቁ አገልግሎቱ ቀጥሎ እንደ ሆነ ልብ በሉ። የዛለው ሲሠራ የነበረ ሰው ነው።

እግዚአብሔር ምን አደረገለት?

1. አሳረፈው፤ መገበው። መልአኩ ሲመጣ ተግሣጽ አልያዘም፤ እንጎቻና ውኃ ይዞ ነበር። ኤልያስ በልቶ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ ቀስቅሶ መገበው፥ መንገዱ እንደሚበዛበትም ነገረው። ስለዚህ የሌሊት ተረኛ ሆና ያደረች እህት ጠዋት ብትተኛ ሰነፍ አትባልም። የጾሙንም ነገር ለብቻ ከመጨነቅ ለንስሐ አባት ነግሮ እንደ አቅም ምክር መቀበል ይገባል።

2. ሰማው። በኮሬብ ኤልያስ ብቻውን እንደ ቀረ ሁለት ጊዜ አማረረ። እግዚአብሔር ሁለት ጊዜ ጠየቀው፥ ሁለቱንም ጊዜ እስኪጨርስ አዳመጠው። ጸሎት ያልሆነላችሁ ሰዎች፥ ምሬታችሁንም ይዛችሁ ቁሙ። የራሳችሁ የምትሉት ሰዓት ከሌላችሁ የበሽተኛውን ክፍል በር ስትከፍቱ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በሉ፤ እርሱ ይሰማል።

3. ብቻውን አለመሆኑን አሳየው። ለበኣል ያልሰገዱ 7000 ሰዎች እንዳሉ ነገረው፤ ኤልሳዕንም ረዳትና ተተኪ አድርጎ ሰጠው። አገልጋዩን በቤርሳቤህ ትቶ የሄደው ነቢይ ሲመለስ ባልንጀራ አገኘ። ተስፋችንም ከዚህ ይነሣል፦ የሕሙማኑ አዳኝ ክርስቶስ ነው፤ እኛ በእጁ ያለን አገልጋዮች ነን። ተረኛዋ ስትወጣ ሌላ ተረኛ ትገባለች፤ እርሱ ግን ከአልጋው አጠገብ አይለይም።

ምእመናን ሆይ፥ ለኤልያስ እንጎቻ ይዞ የመጣው መልአክ ነው፤ ለነርሷ እኅታችን ግን ማን ይዞ ይሂድ? «ለምን ከቅዳሴ ቀረሽ?» ከማለታችን በፊት «በልተሻል? ተኝተሻል?» እንበል። ወጥ ሠርቶ ማድረስ፥ ልጅ መያዝ፥ በዕረፍቷ ቀን ስልክ ደውሎ ማዳመጥ አገልግሎት ነው። አሠሪ የሆናችሁም ለሠራተኛ ዕረፍት መስጠት ችሮታ ሳይሆን ፍትሕ መሆኑን አስቡ።

እንደ ኤልያስ ሞትን እስከ መመኘት የደረሰ ቢኖር ዝም አይበል፤ ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው፥ ለንስሐ አባቱና ለሐኪም ይንገር። ሕሙማንን ወደ ሐኪም የምትወስዱ እናንተ፥ ራሳችሁንም ለመውሰድ አትፈሩ።

ከክትክታው ዛፍ በታች ሞትን የለመነው ኤልያስ በእሳት ሠረገላ ወደ ሰማይ ተወሰደ እንጂ በዚያ ምድረ በዳ አልቀረም። ያ የድካም ቀን የታሪኩ መጨረሻ አልነበረም፤ የእናንተም አይሆንም።

የደከሙትን የሚያሳርፍ አምላክ ለሁላችሁም ኃይልን ይስጥ፤ የእመቤታችን አማላጅነት አይለያችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።