ድምፃችንም ይጹም

አንደበትም እንደ ሆድ ይጾማል ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ስድብ፣ ሐሜትና ሐሰት ነው። እውነት ነው። ነገር ግን አንድም ክፉ ቃል ሳይወጣን ሰው የምናቆስልበት ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም የድምፃችን ቃና ነው።

"እሺ" የምትለዋን ቃል እንመልከት። ልጅ እናቱ ስትልከው ለስለስ ባለ ድምፅ "እሺ እማዬ" ቢል መታዘዝ ነው። ያንኑ "እሺ" ጥርሱን ነክሶ ቢለው ግን እምቢታ ነው። "እግዜር ይስጥልኝ"ም ከልብ ሲባል ምስጋና፣ በአሽሙር ሲባል ወቀሳ ነው። ዐረብ አገር ያለች ልጅ ደውላ "ደኅና ነኝ" ስትል፣ እናት "ምን ሆነሻል?" ብላ የምትደነግጠው ቃሉን ሳይሆን ድምፁን ሰምታ ነው።

ጌታን የገረፉት ጭፍሮች በፊቱ ተንበርክከው ንጉሥ እያሉ ሰላምታ ሰጥተውት ነበር (ማቴ. 27፥29)። ቃሉ እውነት ነው፤ እርሱ በእርግጥ ንጉሥ ነውና። በዘበት ድምፅ ስለተናገሩት ግን እውነቱ በአፋቸው ስድብ ሆነ። ቅዱስ ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ አጠገባቸው ሆኖ ድምፁን ሊለውጥ ተመኝቷል (ገላ. 4፥20)። ደብዳቤ ቃልን ያደርሳል፤ የአባትን ድምፅ ግን አያደርስም።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ በ3 የተከፈለ ነው። ቅዳሴው በግዕዝም በዕዝልም ይቀደሳል፤ ቃሉ ያው ሆኖ ዜማው ሲለወጥ ልባችን የሚሰማው ይለወጣል። አራራይም ስሙ እንደሚነግረን ልብን የሚያራራ ነው። በዐቢይ ጾም ከበሮውና ጸናጽሉ ሲያርፉ፣ ገና ቃሉን ሳንሰማ ወቅቱ የኀዘንና የንስሐ መሆኑን እንረዳለን።

እንግዲህ ቤታችንስ በምን ዜማ እየተናገርን ነው? ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኖ ራብ ሲጠናብን ሠራተኛዋን የምንጠራት እንዴት ነው? አንድ ነገር ደጋግመው ለሚጠይቁን ለአረጋዊ አባታችንስ የምንመልሰው? "ምን አልኩ? ክፉ አልተናገርኩም!" እንላለን። እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው ዝም ብለዋል።

ይህ ማለት ግን ድምፅን ማለስለስ ብቻውን ይበቃል ማለት አይደለም። ይሁዳም ጌታን በሰላምታና በመሳም ነው አሳልፎ የሰጠው (ማቴ. 26፥49)። ምንጩ ልብ ነውና አስቀድመን ልባችንን እናጽዳ። ከዚያም ከመመለሳችን በፊት ጥቂት እንታገሥ፤ በልባችን "አቤቱ ማረኝ" እንበል፤ የሰው ልጅ የሆነችውን ሠራተኛ የራሳችንን ልጅ በምንጠራበት ድምፅ እንጥራት። መገሠጽ ካለብንም እንገሥጽ፤ ግን የምንገሥጸው ሰው እንደምንወደው ከድምፃችን ይወቅ።

ጾሙን ጾመ፣ ድምፃችንንም የሰላም ድምፅ ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።