የተሳሰረ መረጃን ለሹማምንት በሥዕል ስለ ማስነበብ

መረጃ መሰብሰብ አንድ ሥራ ነው፤ የተሰበሰበውን የሚወስነው ሹም እንዲያነበው አድርጎ ማቅረብ ግን ሌላ ሥራ ነው። ስለዚህ የኮምፒዩተር ትምህርት የሌለው የወረዳ ሹም የተሳሰረ መረጃን በሥዕል ሊያነብ የሚችልበትን መንገድ በአጭሩ እንገልጻለን።

የተሳሰረ መረጃን ሐሳብ ቲም በርነርስ ሊና ባልደረቦቹ በፈረንጆች ቍጥር በ2001 በሰፊው አስታወቁት። አሠራሩ ከሰዋስው የራቀ አይደለም። «ዲክሲስ ስንዴ ታበቅላለች» ብንል ባለቤቱ ዲክሲስ፣ ተሳቢው ስንዴ፣ ማሰሪያ አንቀጹ ታበቅላለች ነው። «ዲክሲስ በአርሲ ትገኛለች» የሚል ሌላ ዐረፍተ ነገር ሲጨመር ሁለቱ በዲክሲስ ስም ይያያዛሉ። አንዱ ጸሐፊ «አርሲ» ሌላው «አሩሲ»፣ አንዱ «ስንዴ» ሌላው በኦሮምኛ «ቀመዲ» ብሎ ቢጽፍም፣ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ቋሚ መለያ ስለሚሰጠው ኮምፒዩተሩ አንድ መሆኑን ይለያል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አግሮቮክ የተባለውን የእርሻ ቃላት መዝገብ የሚያቀርበው በዚሁ ሥርዓት ነው።

ጥቅሙም ቀላል አይደለም። ዲጋሉ የተባለው የስንዴ ዘር ዩጂ99 የተባለውን የግንድ ዋግ የሚቋቋም ነበረ፤ ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. መኸር ሌላ ዐይነት የግንድ ዋግ ተነሥቶ በባሌና በአርሲ ብርቱ ጉዳት አደረሰበት። የዘሩ መዝገብ፣ የዋጉ መዝገብና የአየሩ መዝገብ በአንድ ገጽ ቢገናኙ፣ አደጋ የሚያሰጋውን ቀበሌ አዝመራው ሳይጠፋ ለማየት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ይህን መረጃ መጠየቂያ የሆነው፣ በ2008 በፈረንጆች የጸደቀው ስፓርክል የተባለ ቋንቋ ለባለሙያ ብቻ የሚገባ ነው። መረጃውም በሙሉ በነጥብና በመስመር ቢሣል የሸረሪት ድር ይመስላል እንጂ ምንም አያስረዳም። ስለዚህ ሥዕሉን የሚያዘጋጅ ባለሙያ አራት ነገሮችን ይጠብቅ።

1ኛ/ አስቀድሞ የሹሙን ጥያቄ ይወቅ፤ ይኸውም «ዋግ የሚያጠቃው ዘር የተዘራው በየትኛው ቀበሌ ነው?» እንደሚለው ያለ ነው።

2ኛ/ ቤን ሽናይደርማን በ1996 በፈረንጆች እንዳስተማረው፣ በመጀመሪያ አጠቃላዩን፣ ቀጥሎ የተመረጠውን ክፍል፣ በመጨረሻም ሲጠየቅ ዝርዝሩን ያሳይ።

3ኛ/ ቦታ ያለውን ነገር በካርታ ላይ ያኑር፤ ስሙን በመለያ ቍጥር ሳይሆን በአማርኛና በኦሮምኛ ይጻፍ፤ የቀለሞቹንም ትርጉም በአጠገባቸው ያስረዳ።

4ኛ/ ምልክቱ ሲነካ መረጃውን ማን፣ መቼ እንደ መዘገበው ይታይ። ማንም ሄዶ ያላየውን ቀበሌ «ያልተመዘገበ» ይበለው እንጂ ጤነኛ አስመስሎ አይቀባው፤ ባዶ መዝገብ የጤና ምስክር አይደለምና።

እናንተም ሹማምንት፣ እንዲህ ያለ ሥዕል ሲቀርብላችሁ አስቀድማችሁ ለአንድ የቀበሌ የልማት ሠራተኛ ሰጥታችሁ ጠይቁት። ያለ አስተርጓሚ ማንበብ ካልቻለ ጉድለቱ የሥዕሉ ነውና፣ እንዲታረም መልሳችሁ ስደዱት።